ከባሌስትራ የቁርጥ ቢላ እንዴት ይሠራል?

የሥጋ ቢላ ከሌላው የማጀት ቢላ የሚለየው በርዝመቱና በስሱነቱ ነው። ሽንኩርት የሚከተፍበት አጭርና ወፍራም ቢላ ሻኛ ወይም ታላቅ ላይ ሲያርፍ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ ሥጋውን ይቦጫጭቀዋል እንጂ በአንድ ስበት አይቆርጠውም። ከዚህ በታች የምገልጸው 20 ሳንቲ ሜትር ስለት ያለው የቁርጥ ቢላ ከመኪና ባሌስትራ (ጭነቱን ከሚሸከመው ዝርግ የብረት ሞላ) በእጅ የሚሠራበትን መንገድ ነው። ምድጃና ወናፍ የሌለው አንባቢ የቅጥቀጣውን ክፍል ለብረት ሠሪ ሰጥቶ የቀረውን ራሱ ሊሠራው ይችላል።

ባሌስትራ የሚመረጠው በውስጡ ከመቶ 0.6 ገደማ ካርቦን ስላለው ነው፤ ብረት ግሎ ዘይት ውስጥ ሲነከር የሚጠነክረው በዚህ ካርቦን ምክንያት ነው። ፌሮ (የግንባታ ብረት) ግን ካርቦኑ ጥቂት ስለሆነ የቱንም ያህል ቢሞረድ ስለቱ አይቆይለትም። አዲስ አበባ ላይ መርካቶ ምናለሽ ተራ ያገለገለ ባሌስትራ አይጠፋም፤ ችግሩ ለዓመታት ጭነት የተሸከመ ብረት በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ሊኖረው መቻሉ ነው። ስለዚህ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ካጸዱ በኋላ ነጭ ጋዝ ይቀቡት፣ ጥቂት ቆይተው በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉትና የጠመኔ ዱቄት ይነስንሱበት። ስንጥቅ ካለ የሰረገው ጋዝ ወደ ላይ ወጥቶ ጠመኔው ላይ መስመር ያሳያል፤ እንዲህ ያለውን ቁራጭ ሳያቅማሙ ይተዉት።

ቀጥሎ የቢላውን ቅርጽ በካርቶን ላይ ይሳሉ። ስለቱ 20፣ እጀታው 12 ሳንቲ ሜትር፣ ወርዱ 3.5 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ለአብዛኛው እጅ ይስማማል። ብረቱ እስከ እጀታው ጫፍ ድረስ ቢዘልቅ እመርጣለሁ፤ የእጀታው እንጨት አንድ ቀን ቢሰነጠቅ እንኳ ቢላው ከእጅ አይወልቅም። ቁርጥን በጥርስ ይዞ ከከንፈር አጠገብ የሚቆርጥ ሰው በቤቱ ያለ ደግሞ የቢላውን ጫፍ እንዳያሾለው እመክራለሁ።

ለቅጥቀጣው ብረቱን በከሰል እሳት ደማቅ ብርቱካንማ እስኪሆን ያግሉትና በመስፍ ላይ ይቀጥቅጡት፤ ቀለሙ ወደ ጥቁር ቀይ ሲወርድ መዶሻውን አቁመው ወደ እሳቱ ይመልሱት። ብልጭታ መርጨት ከጀመረ ተቃጥሏልና ያ ክፍል ተቆርጦ መጣል አለበት። የስለቱን ወገን ሲያሳሱት ያ ወገን ስለሚረዝም ቢላው ወደ ደንደሱ (ከስለቱ በተቃራኒ ወዳለው ጀርባ) እንደ ሙዝ ይጎብጣል። ልምድ ያለው ባለሙያ ይህን አስቀድሞ ስለሚያውቅ ብረቱን ወደ ስለቱ በኩል ጥቂት አጉብጦ ይጀምራል፤ ቅጥቀጣው ሲያልቅ ቢላው ራሱ ቀጥ ይላል። ደንደሱ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ሲቀረው ይበቃል። ከዚያ ሦስት ጊዜ ቀይ እስኪሆን እያገሉ በአየር ያቀዝቅዙት፤ ለአራተኛ ጊዜ ያግሉትና ደረቅ አመድ ውስጥ ቀብረው ያሳድሩት። ጠዋት ሲወጣ በሞረድ በቀላሉ የሚበላ ለስላሳ ብረት ይሆናል።

አሁን ሞርሳ ላይ አስረው በሞረድ ቅርጹን ያስተካክሉ፤ የእጀታውን ሦስት ቀዳዳዎችም በትራፓኖ ይብሱ፤ ብረቱ ከጠነከረ በኋላ የትራፓኖው ፑንታ አይገባውምና። ስለቱን ግን በዚህ ደረጃ አያሹሉት። አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ካልተውለት ዘይት ውስጥ ሲገባ ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል።

ቢላው ቢላ የሚሆነው በቀጣዩ ደረጃ ነው፤ የቀረው ሁሉ ቢበላሽ ይታረማል፣ እዚህ የተሰነጠቀ ቢላ ግን አይታረምም። የብረቱ ቀለም በደንብ እንዲታይ ሥራውን ጨለምለም ባለ ቦታ ይሥሩት። ስለቱን በእኩል እያገላበጡ ያግሉና በየጊዜው ማግኔት ያስጠጉለት፤ 770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ማግኔቱ አይስበውም። ከዚያ ጥቂት ጨምረው፣ ቀለሙ ከመጀመሪያው ትንሽ ሲደምቅ፣ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ የሞቀ የምግብ ዘይት ውስጥ ጫፉን ወደ ታች አድርገው በቀጥታ ይንከሩት፤ ወደ ጎን ከተወዛወዘ ይጣመማል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት በየጋራዡ በነጻ ቢገኝም ጭሱ መርዛማ ነው፤ ምግብ ለሚቆርጥ ዕቃም አይመችም። ዘይቱ በብረት ዕቃ ይሁን፣ ክዳንም አጠገቡ ይቀመጥ፤ እሳት ከያዘ ይከደናል እንጂ ውኃ በፍጹም አይደፋበትም። እኔ የመጀመሪያውን ቢላዬን ዘይት ለመግዛት ሰንፌ ውኃ ውስጥ ነከርኩት፤ «ጥርቅ» ያለው ድምፅ የአንድ ሳምንት ሥራ ሲያልቅ የሚሰማ ድምፅ ነበር። በትክክል የጠነከረ ስለት ሞረድ ሲያልፍበት መስታወት ላይ እንደሚሄድ ይንሸራተታል እንጂ አይበላም።

እንዲህ የጠነከረ ብረት ግን መሬት ላይ ቢወድቅ ሊሰበር ስለሚችል ሳይውል ሳያድር መለዘብ አለበት። ገጽታውን በብርጭቆ ወረቀት ጥቂት ያንጹትና በቤት የኤሌክትሪክ መጋገሪያ ምድጃ ውስጥ በ200 ዲግሪ ሁለት ሰዓት ያቆዩት፤ ቀዝቅዞ ሲወጣ ይህንኑ አንድ ጊዜ ይድገሙት። ገጹ የገብስ ገለባ ቀለም ከያዘ ተሳክቷል። ሰማያዊ ከሆነ ግን ሙቀቱ አልፏል፤ ስለቱ ቶሎ ስለሚደነዝ ከማጋሉ ጀምሮ መድገም ያስፈልጋል።

ከዚህ በኋላ ስለቱ 0.3 ሚሊ ሜትር ገደማ እስኪሆን ይሳሳል። በግራይንደር የሚሠራ ሰው መነጽርና የአፍንጫ መሸፈኛ አድርጎ፣ ብረቱ እጅን ማቃጠል ሳይጀምር በየጥቂት ሰከንዱ ውኃ ውስጥ ይንከረው፤ በዚህ ደረጃ ሰማያዊ የሆነ ጫፍ ጥንካሬውን አጥቷል። ለእጀታው በደንብ የደረቀ ወይራ ወይም ቀንድ ጥሩ ነው። በብረቱ ግራና ቀኝ የሚለጠፉትን ሁለቱን የእጀታ ቅጠሎች በኤፖክሲ ኮላና በናስ ሽቦ ችንካር አጣብቀው አንድ ቀን በሞርሳ ያቆዩ፤ ከተስተካከለ በኋላ እንጨቱን በስሱ የተልባ ዘይት ይቀቡት። እያንዳንዱ ቅብ ሳይደርቅ ሌላ ከተጨመረ እጀታው እንደሚያጣብቅ ይቀራል፤ ትዕግሥት ይጠይቃል።

መሳሉ በ400፣ በ1000 እና በ3000 ቁጥር ድንጋይ በየተራ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ድንጋዩ ይልማል። ለዚህ ወርድ ደንደሱን ከድንጋዩ 9 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ቢያደርጉት በየወገኑ 15 ዲግሪ ይሰጣል። ከአንዱ ወገን ሲሳል በሌላው ወገን በጣት የሚታወቅ ስስ የታጠፈ ብረት እስኪወጣ ይቀጥሉ፤ ያኔ ይገልብጡት። በመጨረሻ በአሮጌ የቆዳ ቀበቶ ላይ ደንደሱን እያስቀደሙ፣ ስለቱን ወደ ኋላ እየጎተቱ አሥር አሥር ጊዜ ያብሱት።

ይህ ብረት የሚዝግ በመሆኑ ቢላው ሥራውን እንደጨረሰ ታጥቦ ይደርቃል፣ ጠብታ ዘይትም ይቀባል። ከጥቂት ቁርጥ በኋላ ገጹ ላይ የሚታየው ግራጫ ሰማያዊ ቀለም ዝገት ስላልሆነ አይፈተግም። ሥጋው በእንጨት ጣውላ ላይ ይቆረጥ፤ በሸክላ ሳህን ላይ ከተቆረጠ የሳምንቱ ስለት በአንድ ግብዣ ያልቃል።