ፖርቶ መጋላ ላይ ኩንታል ከመስቀላችሁ በፊት

በሚኒባስ ቤተሰብ ጭናችሁ ከአዳማ ወደ ሐዋሳ ለምትወጡ፦ ከተፈቀደው ጠቅላላ ክብደት ላይ የባዶ መኪናውን ክብደት ቀንሱ። የሚተርፈው ነው የእናንተ ድርሻ። ሰውም ከዚያው ላይ ይቆጠራል፤ ብዙዎቻችን የምንረሳው ይህንን ነው። 65 ኪሎ የሚመዝኑ 8 ሰዎች ብቻቸውን 520 ኪሎ ናቸው። 20 ሊትር ውሃ የያዘ ጀሪካን 20 ኪሎ ገደማ፣ አንድ ኩንታል ጤፍ ደግሞ 100 ኪሎ።

እኔ ባለፈው ፋሲካ ስመለስ መቂ ላይ ሽንኩርት ረከሰ ብዬ ሦስት ጆንያ ከኋላ ወረወርኩ (የባለቤቴን ግልምጫ ተዉት)። ትንሽ እንደሄድኩ መሪው ቀለለኝ። ሲመሽ ከፊት የሚመጣው ሁሉ መብራት ያበራብኛል፤ ለካ የመኪናው ኋላ ዝቅ ብሎ የእኔ መብራት ሽቅብ እያየ ነው! ወርጄ ጆንያዎቹን ከኋላ ጎማ ፊት፣ ወለሉ ላይ አዛወርኳቸው፤ መሪው ተመለሰ።

ስለዚህ ከባዱ ወለል ላይ፣ ወደ መሀል። ፖርቶ መጋላ ላይ ፍራሽና ብርድ ልብስ ይበቃል፤ ከላይ የከበደ መኪና ኩርባ ላይ ይወላገዳል። የጎማውን ንፋስ ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ አስለኩ። ልኩ ብዙ ጊዜ የሾፌሩ በር ሲከፈት ጎኑ ላይ ተለጥፏል፤ ለሙሉ ጭነት የተጻፈውን ቁጥር ለጎሚስታው አሳዩት።