የአርጀንቲና ሊግ የወራጅ አማካኝ እንዴት ይሰላል? የ2010/11 የውድድር ዘመን እንደ ማሳያ

በአርጀንቲና የመጀመሪያ ዲቪዚዮን ለረጅም ዓመታት ወራጁን ክለብ ሲወስን የኖረው የዓመቱ የደረጃ ሰንጠረዥ ሳይሆን ፕሮሜዲዮ የሚባለው አማካኝ ነው። አንድ ክለብ በሦስት ተከታታይ የውድድር ዘመናት የሰበሰበው ነጥብ ተደምሮ በተጫወታቸው ጨዋታዎች ብዛት ይካፈላል፤ ዝቅተኛ ውጤት ያላቸው ክለቦችም ይወርዳሉ። አሠራሩ በ1983 ሥራ ላይ ሲውል ሪቨር ፕሌት ከ19 ክለቦች 18ኛ ሆኖ ሳለ ከመውረድ ተርፏል፤ የአቬላኔዳው ራሲንግ ግን ወርዷል። ስለዚህ ሊጉን ከልቡ መከታተል የሚፈልግ ሰው ይህን ስሌት በራሱ እጅ መሥራት ሊለምድ ይገባል። ከዚህ በታች የማሳየው በ2010/11 የውድድር ዘመን ላይ ተመሥርቼ ነው። ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛን ስጠቅስ ዓ.ም. ብዬ እለያለሁ።

ለሥራው ወረቀትና እስክሪብቶ ይበቃል። በስልክ ላይ ያሉ የውጤት መተግበሪያዎች አማካኙን አስልተው ያቀርባሉ፤ እኔ ግን ለጀማሪ አልመክራቸውም፤ ምክንያቱም የመጨረሻውን ቁጥር ብቻ ስለሚያሳዩ አካፋዩ ከየት እንደመጣ አያስተምሩም። ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ሠንጠረዥም ጥሩ ነው፤ ግን አንድ ጊዜ በእጅ ከተሠራ በኋላ ይሁን።

በመጀመሪያ የ20ዎቹን ክለቦች ስም ወደ ታች ይጻፉ፤ በስተቀኝ ለሦስት የውድድር ዘመናት ነጥብ ሦስት ዓምድ፣ ለጨዋታ ብዛት አንድ፣ ለአማካኙ አንድ ዓምድ ያስምሩ። ድል 3፣ አቻ 1 ነጥብ ነው።

ቀጥሎ ያለው ሥራ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው፤ እርሱም የትኛው ውድድር በየትኛው ዘመን ውስጥ እንደሚገባ መለየት ነው። በዚያን ጊዜ አንድ የውድድር ዘመን ሁለት ሻምፒዮና ነበረው፤ ከነሐሴ አካባቢ እስከ ታኅሣሥ የሚካሄደው አፐርቱራ እና ከየካቲት እስከ ሰኔ የሚካሄደው ክላውሱራ፤ እያንዳንዳቸውም 19 ጨዋታዎች ነበሯቸው። የውድድር ዘመኑ አንዱን የፈረንጅ ዓመት በአጋማሹ ይዞ በሚቀጥለው አጋማሽ ስለሚጨርስ፣ «2008» የሚል ስም የያዙት ክላውሱራ 2008 እና አፐርቱራ 2008 የአንድ ዘመን ውድድሮች አይደሉም። የመጀመሪያው የ2007/08 መዝጊያ ሲሆን ሁለተኛው የ2008/09 መክፈቻ ነው።

እኔ ይህን ያወቅሁት ተሳስቼ ነው። በ2011 መጀመሪያ፣ ክላውሱራው ገና ሊጀመር ሲል፣ በዓምዶቹ ራስ ላይ 2008፣ 2009 እና 2010 ብዬ ጻፍኩና በእያንዳንዱ ዓመት ውስጥ ያገኘሁትን ውጤት ሁሉ ደመርኩ። ሪቨር የክላውሱራ 2008 ሻምፒዮን ስለነበረ አማካኙ ከአደጋ ርቆ ታየኝ። የጨዋታው ብዛትም ስድስት ጊዜ 19፣ ማለትም 114 ስለመጣ ስህተቱን የሚያመለክተኝ ነገር አልነበረም። ሪቨርን ከልቡ የሚደግፍ አንድ ወዳጄ በእኔ ቁጥር ተማምኖ ስለነበር፣ ሪቨር በወረደበት ሰኔ 19 ቀን 2003 ዓ.ም. ምሽት ላይ ያየሁበት ሐዘን እስከ ዛሬ አይረሳኝም። ያ የሻምፒዮንነት ውጤት በ2010/11 ስሌት ውስጥ ጨርሶ አይገባም ነበር።

ከዚያ ወዲህ የምጠቀምበት ዘዴ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ቀላል ነው፤ ዓምዶቹን በእኛ አቆጣጠር መሰየም። የእኛም ዓመት እንደ አርጀንቲና የዚያን ጊዜ ውድድር ሁለት የፈረንጅ ዓመታትን የሚያቋርጥ ነው። 2008/09ን 2001 ዓ.ም.፣ 2009/10ን 2002 ዓ.ም.፣ 2010/11ን ደግሞ 2003 ዓ.ም. ብለን ብንጽፍ፣ ክላውሱራ 2008 በ2000 ዓ.ም. ላይ ስለሚወድቅ ራሱ ከመስመሩ ይወጣል። ከመስከረም በፊት በክረምቱ መጨረሻ የሚደረጉትን ጥቂት የመክፈቻ ጨዋታዎች ብቻ ወደሚመጣው ዓመት ማሻገር ያስፈልጋል።

በትክክለኛው መንገድ ሲሠራ የሪቨር መስመር እንዲህ ይሆናል። በ2008/09 ያገኘው 41 ነጥብ ነው፤ ሻምፒዮን በሆነ ማግስት በአፐርቱራ 2008 በ14 ነጥብ የመጨረሻውን ደረጃ መያዙ ከዚህ ውስጥ አለ። በ2009/10 43፣ በ2010/11 ደግሞ 57 ነጥብ ሰብስቧል። ድምሩ 141 ነው።

አካፋዩን ሲጽፉ ሦስቱንም ዘመን በሊጉ ለቆየ ክለብ 114 ያስቀምጡ። አዲስ ላደገ ክለብ ግን ካደገ በኋላ የተጫወተውን ብቻ ነው የሚያስገቡት። ኪልሜስ በ2010/11 አዲስ አዳጊ ስለነበረ 39 ነጥቡ የሚካፈለው ለ38 ነው። ይህ ለአዳጊው ጥቅምም ጉዳትም አለው፤ አንድ ድል የኪልሜስን አማካኝ በ0.079 ያህል ከፍ ሲያደርገው የሪቨርን ከፍ የሚያደርገው በ0.026 ብቻ ነው። በሌላ አነጋገር ነባሩ ክለብ በዚህ ዓመት ጥሩ ቢጫወትም ያለፉትን ሁለት ዓመታት ሸክም በአንድ ጊዜ አያራግፍም፤ በዘመኑ ብቻ ሲታይ ሪቨር ከኪልሜስ 18 ነጥብ በልጦ ሳለ ሁለቱም የወረዱት ለዚህ ነው። ሥርዓቱ የተዘረጋው ትልልቅ ክለቦችን ለመጠበቅ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ እኔ ግን በ2011 ሪቨርን፣ በ2013 ደግሞ ኢንዴፔንዲየንቴን ያወረደው ይኸው ስሌት መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም እላለሁ።

ሲያካፍሉ ከነጥቡ በኋላ ሦስት አሃዝ ይያዙ። ሁለት አሃዝ ላይ ማቆም አደገኛ አቋራጭ ነው፤ የአንድ ነጥብ ልዩነት በ114 ጨዋታ ሲካፈል 0.009 ያህል ብቻ ስለሆነ የተለያዩ ክለቦች እኩል መስለው ሊታዩ ይችላሉ። ሪቨር 1.237፣ በ140 ነጥብ የጨረሱት ሂምናሲያ ላ ፕላታና ኡራካን 1.228፣ ኪልሜስ 1.026 ይወጣሉ።

አሁን ሰንጠረዡን ከታች ወደ ላይ ያንብቡ። በዚያ ዘመን ደንብ 20ኛና 19ኛ የሆኑት በቀጥታ ይወርዳሉ፤ 18ኛና 17ኛ የሆኑት ደግሞ ፕሮሞሲዮን በተባለ የደርሶ መልስ ጨዋታ ከሁለተኛው ዲቪዚዮን ክለቦች ጋር ይገናኛሉ፤ ድምር ውጤቱ እኩል ከሆነ የላይኛው ሊግ ክለብ ቦታውን ይዞ ይቀራል። ሂምናሲያና ኡራካን በትክክል እኩል ስለነበሩ ተጨማሪ ጨዋታ አድርገው ሂምናሲያ 2 ለ 0 አሸነፈ፤ ኡራካንም በቀጥታ ወረደ። ሌላ ዘመን ሲያሰሉ የወራጆቹን ብዛትና የማጣሪያውን ደንብ አስቀድመው ያረጋግጡ፤ በአርጀንቲና ይህ በየጊዜው ይቀየራል።

ስሌቱ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ዘመኑ ሳያልቅ ነው። የታለመውን አማካኝ በመጨረሻው የጨዋታ ብዛት ያባዙና በእጅ ያለውን ነጥብ ይቀንሱ። ሪቨር ክላውሱራ 2011 ከመጀመሩ በፊት በ95 ጨዋታ 115 ነጥብ፣ ማለትም 1.211 ነበረው። ለምሳሌ 1.250 ላይ ለመጨረስ ቢያልም 1.250 ሲባዛ በ114 ወደ 143 ነጥብ ስለሚጠጋ ከ19 ጨዋታ 28 ነጥብ ያስፈልገው ነበር፤ ያገኘው 26 ነው። 17ኛ ሆኖ በፕሮሞሲዮኑ የሁለተኛውን ዲቪዚዮን ክለብ ቤልግራኖን ገጠመ፤ በኮርዶባ 2 ለ 0 ተሸነፈ፤ በሞኑሜንታል ስታዲየም በተደረገው መልስ የሪቨሩ ፓቮኔ ቀድሞ ቢያስቆጥርም ቤልግራኖ አቻ አደረገ፤ ፓቮኔ የመታውን ፍጹም ቅጣት ምት ግብ ጠባቂው ኦላቬ አዳነበትና ጨዋታው 1 ለ 1 አለቀ፤ ሪቨርም ወረደ።

ለሚቀጥለው ዘመን ወረቀቱን አይጣሉት፤ የአሮጌውን ዘመን ዓምድ ሰርዘው አዲሱን በስተቀኝ ይጨምሩ። የወረዱትን ክለቦች መስመር ግን ሙሉ በሙሉ ያጥፉ። ሪቨር በ2012 ሲመለስ የቀድሞ ነጥቡ አልተከተለውም፤ መስመሩ እንደማንኛውም አዲስ አዳጊ ከዜሮ ነጥብና ከዜሮ ጨዋታ ተጀምሯል።