ኩንዱ ከበሮን ሲይዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኩንዱ የፓፑዋ ኒው ጊኒ የእጅ ከበሮ ነው፤ በአገሪቱ ዓርማ ላይ ከጦሩ ጋር የገነት ወፏ የቆመችበት። ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ፣ ወገበ ቀጭን፣ አንድ አፉ በቆዳ የተሸፈነ፣ ሌላው ክፍት ነው። በሙዚየም ውስጥ በብዛት የሚጎዳው «ላጽዳው፣ ላሳምረው» በሚል እጅ ነው።

የከፋው ስህተት ቆዳው ላይ የተለጠፉትን ጥቋቁር እንክብሎች ቆሻሻ መስሎ መፋቅ ነው። ሰም ወይም የዛፍ ሙጫ ናቸው። ተጫዋቹ ሲጨምር ድምፁ ይወፍራል፣ ሲቀንስ ይቀጥናል፤ ስለዚህ ብዛታቸውና አቀማመጣቸው ከበሮው የተቃኘበት ቅኝት ነው። ወልቆ የተገኘ እንክብል በትንሽ ከረጢት ተደርጎ የከበሮው መዝገብ ቁጥር ይጻፍበት። የተነሳበት ቦታ ብዙ ጊዜ ክብ ምልክት ስለሚተው፣ ባትሪ ከጎን አጋድሞ አብርቶ መፈለግና ፎቶ ማንሳት ነው።

ቀጥሎ ቅባት መቀባት። ቆዳው ብዙውን ጊዜ የአርጃኖ ነው፤ ያልለፋ ስለሆነ የጫማና የኮርቻ ቅባት አይፈልግም፤ ይጠቁራል፣ አቧራ ይይዛል። እርጥብ ጨርቅም ያው ነው። እንደኛ ከበሮ በጠፍር አልተወጠረም፤ ጠርዙ የሚያያዘው በማጣበቂያ ነው። ረጥቦ ሲደርቅ ይሸበሸብና ይላቀቃል። አቧራውን ለስላሳ ብሩሽ ይበቃዋል።

ተጫዋቾች ቆዳው እንዲወጠር እሳት ያሞቁታል። ደረቅ መጋዘን ውስጥ ግን ውጥረቱ ፋታ የለውም፤ በመጨረሻ ይተረተራል። አንጻራዊ እርጥበቱ ከ45 እስከ 55 በመቶ ቢሆን፣ በድንገት ባይለዋወጥ ጥሩ ነው። ብርሃን ከ50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) አይለፍ።

በእጀታው አያንሱት! ከዚያው እንጨት የተቀረጸ ስስ ጌጥ ስለሆነ ከሥሩ ይሰነጠቃል። በሁለት እጅ ከገላው ደግፎ፣ በቅርጹ በተቆረጠ ፎም ላይ በጎኑ ማስተኛት። በቆዳው ማቆም ፈጽሞ አይሆንም።

በባዶ እጅም አይንኩት። የድሮ ስብስቦች ተባይ እንዳይበላቸው ሲባል አርሴኒክ የሚባል መርዝ ተነስንሶባቸው ሊሆን ይችላል። የጥጥ ጓንት አያድንም፤ የናይትራይል (ሰው ሠራሽ ላስቲክ) ጓንት ያድርጉ።

ቆዳ በል ጥንዚዛ ሲገባበት፣ በቅዝቃዜ ልግደለው ብሎ ወደ ፍሪዘር መሮጥም አለ። የተወጠረ ቆዳ በቅዝቃዜ ሊሰነጠቅ ስለሚችል፣ አየር በማያስገባ ከረጢት አሽጎ ኦክስጅኑን በሚመጥ ፓኬት ሦስት ሳምንት ያህል ማቆየት ይሻላል።

መዝገቡ ላይ «ጋራሙት» ብለው እንዳይጽፉት፤ ጋራሙት ቆዳ የሌለው፣ በዱላ የሚመታ ስንጥቅ ግንድ ነው። ቆዳው ላይ ቅርፊት ሳያዩም «አርጃኖ» አይበሉ፤ በደጋው አካባቢ የፖሰም (ባለ ፀጉር ዛፍ ላይ የሚኖር እንስሳ) ቆዳም ይለብሳል።