ካሊበር ላይ ያለ የሰነድ ክምችት ወደ ሌላ ኮምፒውተር ሲዛወር የሞላችሁት መረጃ እንዳይቀር

ካሊበር ሚባለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም ብዙ ሰው ሚያውቀው ለመጽሐፍ ማንበቢያነት ነው፣ ግን እዚ ደብረ ብርሃንም ሆነ ወረድ ብሎ ሸዋ ሮቢት የቆየ ደብዳቤ፣ የግብር ደረሰኝ፣ የእድር መዝገብ፣ የብራና ፎቶ ምናምን እየሰበሰቡ በሱ ሚያደራጁ ሰዎች አሉ፣ እኔም አንዱ ነኝ። ነፃ ነው፣ ያለ ኢንተርኔት ይሰራል፣ አማርኛ ያለ ችግር ይቀበላል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የራሳችሁን ኮለም መጨመር ትችላላችሁ፦ ወረዳ፣ የተገኘበት ቤት፣ ዋናው ወረቀት ማን ጋ እንዳለ፣ ማን እንዳነበበው። ስካኑ ቢጠፋ ወረቀቱ እስካለ ድረስ እንደገና ይነሳል። መሐል ሜዳ ያሉ አንድ አዛውንት «ይሄ ማኅተም የእገሌ ነው» ብለው የነገሯችሁና እናንተ ኮለሙ ላይ የጻፋችሁት ግን ሰውየው ካለፉ በኋላ ከየትም አይመጣም። ለዛ ነው ኮምፒውተር ስትቀይሩ ከፒዲኤፉ በፊት ለሱ ተጨነቁ ምለው።

አንድ ወዳጄ ሚሰራበት ቢሮ ኮምፒውተር ሲቀየር፣ ሊረዳው የመጣው ባለሙያ ፒዲኤፎቹን በሙሉ ፈልጎ በአንድ ፎልደር ሰብስቦ አዲሱ ላይ ገለበጠለት። አንድም ፋይል አልጎደለም። ወረዳ፣ ባለቤት፣ ሁኔታ እያለ አንድ በአንድ የሞላው ግን አልመጣም፣ አሮጌው ኮምፒውተር ደግሞ በዛው ሳምንት ፎርማት ተደርጓል።

መረጃው የት ነው ሚቀመጠው

ይሄን ካወቃችሁ ሌላው ሁሉ ይቀላል። ካሊበር ላይብረሪ ብሎ ሚፈጥረው አንድ ፎልደር አለ፣ እሱ ውስጥ ሜታዳታ ዶት ዲቢ ሚባል ፋይል ታገኛላችሁ። ኤስኪውላይት ሚባል ዓይነት ዳታቤዝ ነው፣ መረጃን በሰንጠረዥ አደራጅቶ ሚይዝ ማለት ነው፤ የፈጠራችኋቸው ኮለሞችም፣ ኮለሞቹ ላይ የሞላችሁትም እዛ ነው ያሉት። ከዛ ውጪ በየሰነዱ ፎልደር ውስጥ ሜታዳታ ዶት ኦፒኤፍ ሚባል ትንሽ ፋይል ይቀመጣል፣ የዛ ሰነድ መረጃ መጠባበቂያ ኮፒ ነው። ፒዲኤፉ ላይ ግን ራሳችሁ ካላዘዛችሁት በቀር ካሊበር ምንም አይጽፍበትም። ስለዚ ፒዲኤፉን ብቻ ከፎልደሩ አውጥቶ የወሰደ ሰው መረጃውን ትቶት ነው የሄደው።

ፎልደሩን ስትከፍቱ የአማርኛ ርዕሶቻችሁ በእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፈው ብታዩ አትደንግጡ፣ ካሊበር የፎልደርና የፋይል ስም ላይ ሆን ብሎ ነው እንደዛ ሚያደርገው፣ ካሊበር ውስጥ ስትገቡ ርዕሱ በአማርኛ እንዳለ ነው። ላስተካክል ብላችሁ ከኤክስፕሎረር ሪኔም እንዳታደርጉ፣ ዳታቤዙ ፋይሉን በዛ ስም ነው ሚፈልገው።

ከመዛወሩ በፊት

መጀመሪያ አጽዱ። በግራ በኩል ያለውን ታግ ብራውዘር ክፈቱና የወረዳ ኮለማችሁን ዘርግታችሁ እዩት። ሀገረ ማርያም፣ ሐገረ ማርያም፣ ሐገረማርያም፤ ጣርማ በር፣ ጣርማበር፤ ለኛ አንድ ነው፣ ለኮምፒውተሩ ግን የተለያየ ነገር ነው፣ አንዱን ስትፈልጉ ሌላው አይወጣም። ታግ ብራውዘር ላይ በቀኝ ክሊክ ሪኔም ስትሉት በዛ ስም ያሉት ሰነዶች በሙሉ በአንዴ ይስተካከላሉ። ይሄ ከመዛወሩ በፊት ቢሆን ይሻላል፣ በተለይ በኋላ ከሌላ ሰው ክምችት ጋር ምትቀላቅሉት ከሆነ።

ቀን ላይ ደግሞ ተጠንቀቁ። ዴት ዓይነት ኮለም ሚያውቀው የፈረንጁን አቆጣጠር ብቻ ነው። በኛ 2010 ብላችሁ የጻፋችሁትን የፈረንጅ 2010 አድርጎ ነው ሚወስደው፣ ጳጉሜን 3 ላስገባ ብትሉ ደግሞ 13ኛ ወር ስለማያውቅ አይሆንለትም። ለኛ ቀን ምመክረው ተራ የጽሑፍ ኮለም ነው፣ አጻጻፉም ዓመት፣ ከዛ ወር፣ ከዛ ቀን ይሁን፣ 2010-13-03 እንደዚ፤ ወርና ቀን ሁሌም በሁለት አሃዝ ከተጻፈ ሶርት ስታደርጉት በትክክል ይደረደራል። የአንድ ኮለም ዓይነት ከተፈጠረ በኋላ አይቀየርም፣ ስለዚ አዲስ ኮለም ፈጥራችሁ ከአሮጌው መገልበጥ ነው፤ ብዙ ሰነድ መርጣችሁ በጅምላ ኤዲት ስታደርጉ ሚመጣው ሰርች ኤንድ ሪፕሌስ ከኮለም ወደ ኮለም ይገለብጥላችኋል። አሮጌውን ኮለም ሁሉም መምጣቱን ሳታዩ እንዳታጠፉት፣ ኮለም ሲጠፋ ውስጡ ያለው አብሮ ነው ሚሄደው።

ቀጥሎ ላይብረሪ ሜንቴናንስ ውስጥ ላይብረሪ ሜታዳታ ባክአፕ ስታተስ ሚለውን ክፈቱ። ካሊበር የኦፒኤፍ ፋይሎቹን ሚጽፈው ከበስተጀርባ ቀስ እያለ ነው፣ ብዙ ነገር ቀይራችሁ ወዲያው ከዘጋችሁት የቀረ ሊኖር ይችላል። ሁሉም መጻፉን ሲነግራችሁ ብቻ ቀጥሉ።

ከዛ ካሊበርን ዝጉ። ኤክስ መጫን ሁልጊዜ አይበቃም፣ ታች ሰዓቱ ጋ አይከኑ ካለ ገና እየሰራ ነው፣ በቀኝ ክሊክ ኩዊት በሉት። ዳታቤዝ ክፍት ሆኖ ሚገለበጥ ከሆነ የተበላሸ ኮፒ ነው ልትይዙ ምትችሉት።

መገልበጡ

የላይብረሪውን ፎልደር ከውጪ ሆናችሁ ራሱን ፎልደሩን ኮፒ አድርጉ። ውስጡ ገብታችሁ ሁሉንም መርጣችሁ ኮፒ ማድረግ ተመሳሳይ ይመስላል፣ ግን አይደለም፣ ምክንያቱም ድብቅ ፎልደሮች አሉ። ለምሳሌ በ2023 ከወጣው ከካሊበር 7 ጀምሮ ለአንድ ደራሲ ወይም ለአንድ ታግ (ሰነድ ላይ ምትለጥፉት መለያ ቃል) ኖት መጻፍ ይቻላል፣ ያ ኖት ሚቀመጠው ስሙ በነጥብ ሚጀምር ፎልደር ውስጥ ነው፣ ዓይናችሁ ላይ ላይታይ ይችላል። ስለ አንድ ጸሐፊ ገጽ ሙሉ ጽፋችሁ እሱን ትታችሁ ልትሄዱ ትችላላችሁ ማለት ነው።

ፍላሽ ሳይሆን ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ተጠቀሙ ባይ ነኝ፣ ፋይሎቹ በጣም ብዙና ትንንሽ ስለሆኑ ፍላሽ ላይ ጊዜ ይፈጃል፣ መሀል ላይ መብራት ቢሄድ ደግሞ የቱ ጋ እንደቆመ ማወቅ ያስቸግራል። ዚፕ አድርጋችሁ ከሆነ ምትወስዱት ፍላሹ ፋት 32 መሆኑን እዩ፣ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም፣ ኤክስፋት ወይም ኤንቲኤፍኤስ ይሁን። ፎልደሮችን ደብቆ ሾርትከት ሚያደርገው ቫይረስ ያለበት ፍላሽ ከሆነ ጭራሽ አትንኩት።

ገልብጣችሁ ስትጨርሱ ሁለቱም ፎልደር ላይ ፕሮፐርቲስ ክፈቱና አስተያዩ። የፋይልና የፎልደር ብዛት እኩል መሆን አለበት፣ ሳይዝ ሚለውም እስከ መጨረሻዋ ባይት እኩል መሆን አለበት። ሳይዝ ኦን ዲስክ ሚለው ግን ቢለያይ ችግር የለውም፣ እሱ በዲስኩ ፎርማት ነው ሚወሰነው።

አዲሱ ላይ

ካሊበር ኢንስታል ስታደርጉ ቨርዥኑ ከአሮጌው ጋር እኩል ወይም አዲስ ይሁን። በ2022 ከወጣው ከካሊበር 6 ጀምሮ 64 ቢትና ዊንዶውስ 10 ወይም ከዛ በላይ ይፈልጋል፣ ቤት ያለው ኮምፒውተር ያረጀ ከሆነ ይሄን ቀድማችሁ እዩ። ፎልደሩን አጭር መንገድ ላይ አስቀምጡት፣ ዲ ድራይቭ ላይ በአጭር ስም ይበቃል። ዋንድራይቭ ወይም ጉግል ድራይቭ ሲንክ ሚያደርገው ፎልደር ውስጥ እንዳታስገቡት፣ ካሊበር እየጻፈ ሲንኩ ሲነካካው ዳታቤዙ ሊበላሽ ይችላል።

ከዛ ላይብረሪ ሚለውን ተጭናችሁ ስዊች ኦር ክሪኤት ላይብረሪ፣ ቦታውን መርጣችሁ «ቀድሞ ያለውን ላይብረሪ ተጠቀም» ሚለውን ምረጡ። ኮለሞቹ ከነሙሉ መረጃቸው ይመጣሉ። ላይብረሪ ሜንቴናንስ ውስጥ ቼክ ላይብረሪን አስኪዱ፣ የሰነዱን ብዛት አስተያዩ፣ የተወሰኑ ሰነዶች ከፍታችሁ ኮለሞቻቸውን አንብቡ።

ፕላግኢን (ካሊበር ላይ ሚጨመር ተጨማሪ መሣሪያ) እና የካሊበሩ አጠቃላይ ሴቲንግ ግን ሌላ ቦታ ስለሚቀመጥ ከፎልደሩ ጋር አይመጣም። እሱንም ከፈለጋችሁ ላይብረሪ ሚለው ላይ በቀኝ ክሊክ ኤክስፖርት ኢምፖርት ኦል ካሊበር ዳታ ሚል አለ፣ ላይብረሪውንም ሴቲንጉንም ጠቅልሎ ያወጣል። ለራሳችሁ ሙሉ በሙሉ ወደ አዲስ ኮምፒውተር ምትሄዱ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ለሌላ ሰው ኮፒ ለመስጠት ግን ፎልደሩን ብቻ መስጠት ይሻላል፣ የሰውየውን ሴቲንግ እንዳትነኩበት።

ሁለት ክምችት መቀላቀል፣ ብዙ ሰው መረጃ ሚያጣው እዚ ጋ ነው

እናንተ ደብረ ብርሃን የሰራችሁት አለ፣ ጓደኛችሁ ዓለም ከተማ የሰራው አለ፣ አንድ ላይ ይሁን አላችሁ። ኮፒ ቱ ላይብረሪ ሚለው ሰነዱን ያሻግራል፣ ኮለሙ ላይ ያለው ሚሻገረው ግን ተቀባዩ ላይብረሪ ውስጥ አንድ ዓይነት ኮለም ካለ ብቻ ነው።

አንድ ዓይነት ማለት ምን ማለት ነው? ኮለም ስትፈጥሩ ሁለት ስም ነው ሚጠይቃችሁ። አንደኛው ከላይ ሚታየው ርዕስ ነው፣ በአማርኛ «ወረዳ» ብላችሁ መጻፍ ትችላላችሁ። ሁለተኛው ሉክአፕ ኔም ነው፣ በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደል፣ በቁጥርና በአንደርስኮር ብቻ ሚጻፍ፣ ካሊበር ኮለሙን ሚያውቀው በሱ ነው። አሁን እናንተ ወረዳ ሚለውን በእንግሊዝኛ ስትጽፉ ሁለተኛዋን ፊደል ኦ አደረጋችሁ፣ ጓደኛችሁ ኢ አደረገ። ስክሪኑ ላይ ሁለቱም «ወረዳ» ነው ሚለው፣ ተሰልፈው ብታዩአቸው ምንም ልዩነት የላቸውም፣ ለካሊበር ግን ሁለት የማይተዋወቁ ኮለሞች ናቸው። የጎደለ ኮለም እንዳለ ማስጠንቀቂያ ያሳያችኋል፣ ሰው ግን ቸኩሎ ኦኬ ብሎ ያልፈዋል፣ ሰነዶቹ መጡ ብሎ ደስ ይለዋል፣ ወረዳው ባዶ መሆኑን ሚያየው ቆይቶ ሲፈልገው ነው።

ዓይነቱም መመሳሰል አለበት። በኮማ እየተለየ ብዙ ነገር ሚቀበል እንደ ታግ ያለ ኮለምና አንድ ነገር ብቻ ሚቀበል የጽሑፍ ኮለም አንድ አይደሉም። ስለዚ ከመቀላቀላችሁ በፊት ሁለታችሁም ፕሪፈረንስስ ውስጥ አድ ዩር ኦውን ኮለምስ ክፈቱና የሉክአፕ ኔሙንና የዓይነቱን ዝርዝር ፎቶ አንስታችሁ በቴሌግራም ተላላኩ፣ ፊደል በፊደል አስተያዩ። ሚለይ ካለ የጓደኛችሁ ላይብረሪ ኮፒ ላይ የናንተን ዓይነት ኮለም ፈጥራችሁ መረጃውን ቅድም ባልኩት ሰርች ኤንድ ሪፕሌስ ገልብጡት፣ ከዛ አሻግሩ።

ገና ምትጀምሩ ከሆነ ደግሞ ይሄን ሁሉ መገላገል ይቻላል፦ አንዳችሁ ኮለሞቹን ጨርሱና ባዶ ላይብረሪ ስትፈጥሩ የአሁኑን ላይብረሪ አወቃቀር ኮፒ አድርግ ሚለውን ሳጥን ቲክ አድርጉ። ሰነድ የሌለው ኮለም ብቻ ያለው ፎልደር ይወጣላችኋል፣ እሱን ለጓደኞቻችሁ በሙሉ ላኩት፣ አንኮበር ያለውም እነዋሪ ያለውም በአንድ መልክ ይሞላል።

ሴቭ ቱ ዲስክ አድርጎ በሌላው ኮምፒውተር እንደገና አድ ማድረግም ላይ ያው ነው፣ ኮለሙ በዛው ሉክአፕ ኔም ቀድሞ ካልተፈጠረ መረጃው አይገባም፣ የሰነዶቹ መለያ ቁጥርም ይቀየራል። በቁጥሩ እየጠቀሳችሁ ማስታወሻ ምትይዙ ከሆነ በዚ መንገድ አትሂዱ።

ዳታቤዙ ቢበላሽስ

ሜታዳታ ዶት ዲቢ አልከፈት ቢል ወይም ቢጠፋ የየሰነዱ ፎልደር እስካለ ድረስ ተስፋ አለ። ላይብረሪ ሜንቴናንስ ውስጥ ሪስቶር ዳታቤዝ ሚለው እነዛን ትንንሽ የኦፒኤፍ ፋይሎች አንብቦ ዳታቤዙን እንደገና ይሰራዋል፣ የናንተን ኮለሞች ጨምሮ። ቅድም ባክአፕ ስታተሱን እዩ ያልኩት ለዚ ነው፣ ኦፒኤፍ ላይ ያልተጻፈ ነገር አይመለስም። ይሄን ከመሞከራችሁ በፊት ግን ያለውን ፎልደር እንዳለ ሌላ ቦታ ኮፒ አድርጉት።

አሮጌውን ኮምፒውተር ፎርማት ለማድረግ አትቸኩሉ፣ አዲሱ ላይ ለተወሰነ ጊዜ ሰርታችሁበት እዩ። እስከዛ ድረስ አሮጌው ላይ ያለውን የላይብረሪ ፎልደር ስሙን ቀይሩት፣ ራሱን የውጪውን ፎልደር ማለቴ ነው። እንደዛ ሲሆን ሌላ ሰው ካሊበርን ቢከፍትም ላይብረሪውን ስለማያገኘው አሮጌው ላይ አዲስ ነገር አይሞላበትም።