አዲስ ላፕቶፕ አልበራ፣ ቻርጅ አላደርግ ሲል የምንሠራቸው ስህተቶች

ባለፈው ወር የአክስቴ ልጅ አዲስ ላፕቶፕ ገዛ። ከካርቶኑ አውጥቶ ማብሪያውን ቢጫን፣ ደግሞ ቢጫን፣ ምንም የለም። ደነገጠና በማግስቱ ሰፈር ውስጥ ወዳለ ጥገና ቤት ይዞት ሄደ። እዚያ ብሎኖቹን ፈትተው ከፈቱትና «ባትሪው ሞቷል» አሉት። ላፕቶፑ ግን ምንም አልሆነም ነበር። ብዙ አዲስ ላፕቶፖች ከፋብሪካ የሚወጡት ባትሪያቸው እንዲተኛ ተደርጎ ነው፣ የሚነቁት መጀመሪያ ቻርጀር ሲሰካባቸው ነው። ሰክቶት ትንሽ ቢታገሥ ኖሮ ይበራ ነበር። አሁን የዋስትናው ማኅተም ተቀዷል፣ የሸጠለት ሱቅም የተከፈተ ዕቃ አልቀበልም ብሏል። ለዚያ ላፕቶፕ ስንት ወር እንዳጠራቀመ ስለማውቅ በጣም ነው ያንገበገበኝ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ስህተት ይሄው ነው፤ የት ጋ እንደተቋረጠ ሳያዩ ማስከፈት። ኮረንቲ ከግድግዳው ተነሥቶ ላፕቶፑ ጋ እስኪደርስ ሶኬቱን፣ ዲቫይደሩን፣ ገመዱን፣ የቻርጀሩን ጥቁር ሳጥን፣ ከዚያ ጫፉን ያልፋል። ከግድግዳው ጀምራችሁ ተከተሉት። ሶኬቱ ላይ የስልክ ቻርጀር ሰኩና እዩ። ዲቫይደሩን አውጡትና በቀጥታ ግድግዳ ላይ ሞክሩ። ገመዱ ሳጥኑ ውስጥ የሚገባበትን ቦታ ደግሞ ጠበቅ አድርጉት፣ እኔ ጋ «ተቃጠለ» ተብለው ከመጡት ውስጥ እዚያ ጋ ገፋ ሲደረጉ ብቻ የተነሡ አሉ። አሁንም እምቢ ካለ ቻርጀሩን ነቅላችሁ ማብሪያውን 30 ሴኮንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙት፣ ከዚያ መልሳችሁ ሰክታችሁ አብሩት። ውስጡ የቀረው ኮረንቲ ሲወጣ ብዙ ጊዜ ራሱ ይነሣል።

ከአሜሪካ የተላከ ላፕቶፕ ያላችሁ ደግሞ፣ እባካችሁ ትራንስፎርመር ለመግዛት አትሩጡ። አሜሪካ 120 ቮልት ነው፣ እኛ ጋ 220፣ ልክ ነው። የላፕቶፕ ቻርጀር ግን ሁለቱንም እንዲችል ተደርጎ ነው የሚሠራው። ሳጥኑን ገልብጡት፣ ጽሑፉ ደቃቅ ስለሆነ በስልክ ፎቶ አንሡና አጉሉት፣ «ኢንፑት» ከሚለው ጎን 100-240 ቮልት፣ 50-60 ኸርዝ የሚል ታገኛላችሁ። ያ ካለ በቂ ነው። ችግር ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ አብሮ የመጣው ገመድና ዲቫይደር። የአሜሪካ ገመድ ስፒናው ላይ 125 ቮልት ብሎ ተጽፎበታል። ዲቫይደሩማ የባሰ ነው። እኅቴ ከሜሪላንድ ስትመጣ «ይሄ ይጠብቅላችኋል» ብላ መከላከያ ያለው ዲቫይደር አምጥታ ነበር፣ ግድግዳው ላይ እንደሰካነው ጧ አለና የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ቤቱን ሞላው። ውስጡ ያለው መከላከያ የተሠራው ለ120 ነዋ፣ 220 ሲያገኝ ራሱን አቃጠለ። ላፕቶፑ አለመሰካቱ ደግ ሆነ።

ወደ ዋናው ልምጣ፣ ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ይሄን ነው፤ «ላፕቶፑ ይነዝረኛል።» ቻርጅ ላይ እያለ ክንዳችሁን ብረቱ ላይ ስታሳርፉ ውርር ያደርጋችኋል፣ በቴስተር ብትነኩትም ይበራል። ሰው ወዲያው ላፕቶፑ ሾርት አድርጓል ብሎ ይደመድማል። መጀመሪያ ቻርጀሩን ንቀሉና ንኩት። ስሜቱ ከጠፋ ነገሩ ያለው ላፕቶፑ ጋ ሳይሆን በቻርጀሩና በሶኬቱ በኩል ነው። ቻርጀሩ ውስጥ የኮረንቲ ረብሻ የሚያጠፋ ትንሽ ካፓሲተር አለ፣ በእሱ በኩል ከ1 ሚሊአምፔር በታች የሆነ ኮረንቲ ወደ ብረቱ ይሾልካል። ኤርዝ፣ ማለትም ከሶኬቱ ወደ መሬት የሚወርደው ሽቦ፣ ካለ በዚያ በኩል ይወርዳል። ኤርዝ ከሌለ ብረቱ ላይ ቆሞ እናንተን ይጠብቃል፣ በተለይ በባዶ እግር ሲሚንቶ ላይ ስትሆኑ።

ኤርዙን የሚቆርጠው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ያቺ ትንሿ ባለ ሁለት እግር ማስማሚያ ናት። የአሜሪካው ስፒና ሦስት እግር አለው፣ ማስማሚያዋ ሁለቱን ብቻ ታስተላልፋለች። መፍትሔው ቀላል ነው። ገመዱ ከሳጥኑ ይነቀላል አይደል? ሳጥኑን ይዛችሁ ኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ሂዱና በዚያ ቀዳዳ ልክ የሚገባ፣ ባለ ድቡልቡል እግር፣ በጎኑ የኤርዝ ብረት ያለው ገመድ ግዙ። እሱን ሰክታችሁ አሁንም ውርር ካደረጋችሁ የቤቱ ሶኬት ኤርዝ የለውም ማለት ነው፣ ከፊቱ ብረት እያለው ከኋላ ሽቦ ያልተያያዘበት ቤት ብዙ ነው። ለዚህ ኤሌክትሪሺያን ጥሩ። ከሶኬቱ ወደ ውሃ ቧንቧ ሽቦ የሚያስሩ አሉ፣ ይሄን በጭራሽ እንዳታደርጉት፣ ጎረቤት ገላውን ሲታጠብ ሊይዘው ይችላል። ስሜቱ ውርር ሳይሆን የሚያስደነግጥ ከሆነ ግን ቻርጀሩን ከነአካቴው ተዉት።

ጫፉ ስለገባ ብቻ የሌላ ሰው ቻርጀር መሰካትም ብዙ ላፕቶፕ ጎድቷል። ቮልቱ እኩል መሆን አለበት፣ 19.5 የሚለው ከ19.5 ጋር። አምፔሩ እኩል ወይም ከዚያ በላይ ቢሆን ግድ የለም፣ ላፕቶፑ የሚፈልገውን ያህል ብቻ ነው የሚወስደው። 65 ዋት ለሚፈልግ 45 ዋት ብትሰኩ እየሠራችሁ ባትሪው ሲወርድ ታያላችሁ። ታይፕ ሲ የሆኑት ቮልቱን ራሳቸው ይነጋገራሉ፣ ግን የስልክ ቻርጀር 10 ወይም 20 ዋት ይዞ ላፕቶፕ አይችልም። ተራ ገመዱም የሚያሳልፈው እስከ 60 ዋት ነው። አንዳንድ ላፕቶፕ ላይ ደግሞ ከሁለቱ የታይፕ ሲ ቀዳዳ አንዱ ብቻ ነው ቻርጅ የሚያደርገው፣ ሌላኛውንም ሞክሩ።

መብራት ሲሄድ ቻርጀሩን ሰክቶ መተው። ይሄ የሁላችንም ነው። መብራት ሲደክም ቻርጀሩ አይጎዳም፣ ከ100 ጀምሮ ይሠራል ብለናል። የሚገድለው ተመልሶ ሲመጣ የሚፈጠረው ግፊት ነው። ሲሄድ ንቀሉ፣ ሲመጣ አምስት ደቂቃ ጠብቁ። ለፍሪጅ የሚሸጠው፣ መብራት ሲመጣ ቆይቶ የሚለቀው መከላከያ ለላፕቶፕም ይሆናል። አንዳንዱ አምፖል ከልኩ በላይ ቦግ ብሎ ሌላው ከደበዘዘ ግን ኒውትራሉ፣ ማለትም የኮረንቲው መመለሻ ሽቦ፣ ተላቆ ሊሆን ይችላል፣ ወደ ቤት የሚገባው እስከ 380 ሊጠጋ ስለሚችል ሮጣችሁ ብሬከሩን አውርዱ።

80 ፐርሰንት ላይ ቆመ ብላችሁ ደግሞ አትጨነቁ፣ ባትሪው እንዲቆይ የተቀመጠ ገደብ ነው፣ ሴቲንግ ውስጥ ይነሣል። አዲስ ነው ብሎ መጀመሪያ ስምንት ሰዓት ቻርጅ ማድረግም የድሮ ባትሪ ነገር ነው። ቻርጀሩን ብርድ ልብስ ውስጥ አትቅበሩት።

የመዳፊቱ ቦታ ካበጠ፣ ከሶኬቱ የተቃጠለ ነገር ከሸተተ፣ ወይም ጫፉ ከቀለጠ ሙከራውን አቁሙ። ሳታስከፍቱ ወደ ገዛችሁበት ሱቅ ሂዱ። ደረሰኙን፣ ካርቶኑን፣ ቻርጀሩንም ከነገመዱ ይዛችሁ።