እርጅና በሦስት ቀን አይመጣም፦ የሶዲየም ማነስ በአረጋውያን

አያቴ ቡና እያፈሉ ነበር። ጀበናውን አንስተው ሲቀዱ ቡናው ከሲኒው አልፎ ረከቦቱ ላይ ፈሰሰ። ደግመው ቀዱ፣ አሁንም ፈሰሰ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝና በሟች አጎቴ ስም ጠሩኝ። ከሦስት ቀን በፊት የዕቁቡን ሒሳብ በቃላቸው የሚይዙ ሴት ነበሩ። ቤተሰቡ «ጃጁ እኮ» አለ። ሲመረመሩ በደማቸው ያለው ሶዲየም (በጨው ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር) 121 ሆኖ ተገኘ። ጤናማው ከ135 እስከ 145 ሚሊሞል በሊትር ነው፤ ከ125 በታች ከሆነ ከባድ ይባላል።

ምልክቱ

ሶዲየም ሲቀንስ ውሃ ወደ ሴሎች ውስጥ ይገባና ያብጣሉ። የራስ ቅል ስለማይለጠጥ ጫናው መጀመሪያ የሚታየው አንጎል ላይ ነው። ድንገት መዘባረቅ፣ ሰው አለመለየት፣ ቀን ሙሉ ማንቀላፋት፣ ራስ ምታት፣ ማጥወልወል ይመጣል። ቀስ ብሎ የቀነሰ እንደሆነ ደግሞ ከመንገዳገድ በቀር ሌላ ላይታይ ይችላል። ወድቀው የተሰበሩ አዛውንት እግራቸው ታሽጎ ወደ ቤት ከመመለሳቸው በፊት «ለምን ወደቁ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ሶዲየማቸውም ይታይ።

ምክንያቱ

መጀመሪያ የመድኃኒቱን ፌስታል ዘርግፉት። ለደም ግፊት የሚሰጠው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ዋና ተጠርጣሪ ነው። ብዙ ጊዜ በተጀመረ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ያጠቃል፤ ለዓመታት ሲወስዱት በኖሩ ሰዎች ላይም ተቅማጥ ወይም ትውከት ሲደረብ ሊከሰት ይችላል። ለድባቴ የሚሰጡት ፍሉኦክሰቲንና ሰርትራሊን፣ ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ካርባማዜፒን፣ የሕመም ማስታገሻው ትራማዶልም እንዲሁ ያደርጋሉ።

ቀጥሎ ውሃው ነው። ሶዲየም አነሰ ማለት ሁልጊዜ ጨው አነሰ ማለት አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ውሃው በዝቶ ነው። የአዛውንት ኩላሊት ትርፍ ውሃን ቶሎ አያስወግድም። ዳቦ በሻይ ብቻ እየቀመሱ «ኩላሊትዎ እንዲታጠብ» ተብለው በላይ በላዩ ውሃ የሚጠጡ ሰው ደማቸው ይቀጥናል። አያቴ ላይ የግፊቱ ክኒን፣ ተቅማጡና ውሃው ተገጣጥመው ነበር።

የሳንባ ምች፣ የሳንባ ነቀርሳ፣ የልብ ድካም፣ የጉበትና የኩላሊት ሕመም፣ የታይሮይድ (አንገት ላይ ያለው) ወይም የአድሬናል (ከኩላሊት በላይ ያለው) እጢ ችግርም ምክንያት ይሆናሉ። ይህን የሚለየው ሐኪም ነው።

መፍትሄው

እንደ ሚጥል በሽታ የሚያንቀጠቅጣቸው ከሆነ፣ ሲቀሰቅሷቸው ካልነቁ፣ ትውከቱ አልቆም ካለ ወይም ክፉኛ ከዘባረቁ ሳትዘገዩ ወደ ሆስፒታል ውሰዷቸው። እስኪደርሱ በጎናቸው አስተኟቸው፤ በአፋቸው ምንም አትስጡ። ሌላው ምልክት ከሆነም በዚያው ቀን አስመርምሯቸው። የመድኃኒቱን ፌስታል እንዳለ ይዛችሁ ሂዱ፤ መቼ ምን እንደተጀመረም ተናገሩ። ሶዲየም፣ ፖታሲየም፣ ክሬቲኒን (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው) እና የደም ስኳር አብረው ይታዩ፤ ስኳር በጣም ሲጨምር የሶዲየሙ ቁጥር ይወርዳልና።

እባካችሁ ጨው በጥብጣችሁ አታጠጧቸው። ልባቸው ወይም ኩላሊታቸው የደከመ ከሆነ ውሃ ይቋጥርባቸዋል። መድኃኒትም በራሳችሁ አታቋርጡ፤ ካርባማዜፒን በድንገት ሲቆም የሚጥል በሽታውን ይቀሰቅሳል። ሐኪሙን በዚያው ቀን አግኙት።

ሕክምናው እንደ ምክንያቱ ይለያያል። በተቅማጥ ፈሳሽ ያለቀባቸው ጨው ያለበት ግሉኮስ አልባ ፈሳሽ በደም ሥር ይሰጣቸዋል፤ ሰውነታቸው ውሃ ያጠራቀመባቸው ግን መጠጥ ይቀነስባቸዋል። ስለዚህ «ለጎረቤቴ የሰጡት ይሰጥልኝ» አይባልም።

ሲስተካከልም ቀስ ብሎ ነው፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 10 ሚሊሞል ባይበልጥ ይመረጣል። ለቀናት ዝቅ ብሎ የቆየ ሶዲየም በችኮላ ሲነሳ የአንጎል ነርቮች ሽፋን ይጎዳል፤ ጉዳቱም ላይመለስ ይችላል። እኔም መጀመሪያ ቀን «ምነው አልነቁም?» ብዬ ነርሷን አስጨንቄያታለሁ። አያቴ በአምስተኛው ቀን ዕቁቡ ለማን እንደወጣ ጠየቁኝ።

ከሆስፒታል ሲወጡ የግፊቱ ክኒን ወደ አምሎዲፒን ተቀየረላቸው። አሁን አዲስ መድኃኒት በተጀመረ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ሶዲየማቸው ይለካል፤ ቁጥሩንና ቀኑን በካርቶን ጽፌ ከፌስታሉ ጋር አስሬዋለሁ።