የሲና ተራራን በሌሊት ለመውጣት ስትዘጋጁ

የሲና ተራራን መውጣት የተለየ ሙያ አይጠይቅም። መንገዱ የተጠረገ ነው፣ ገመድ የለም፣ ድንጋይ ላይ መንጠላጠል የለም። ጤነኛ ሰው ቀስ እያለ ይደርሳል። ሰውን የሚያሰቃየው ብርዱ ነው። ቀኑን በግብፅ የቀይ ባሕር ዳር ከተሞች፣ በሻርም ኤል ሼክ ወይም በዳሃብ፣ ስትዋኙ ውላችሁ ማታ መኪና ትሳፈራላችሁ፣ ሊነጋጋ ሲል ደግሞ 2,285 ሜትር ከፍታ ላይ ንፋስ እየመታችሁ ትቆማላችሁ። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ሌሊቱ ከዜሮ በታች የሚወርድበት ጊዜ አለ፣ በረዶም ይጥላል። በሐምሌ እንኳ ጃኬት ያስፈልጋል።

ስለዚህ ልብስ ስትይዙ ጫፉ ላይ ፀሐይ እስክትወጣ ቁጭ የምትሉበትን ሰዓት አስቡ። ስትራመዱማ ይሞቃችኋል፣ ያልባችኋል። ችግሩ ያ ላብ ነው። እርጥብ የጥጥ ካናቴራ ለብሳችሁ ስትቆሙ ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። ስስ ልብሶችን ደራርቡ፣ ስትሞቁ አንድ አንድ እያወለቃችሁ ቦርሳ ውስጥ ክተቱ። አንድ ደረቅ ካናቴራ በፌስታል ጠቅልላችሁ ያዙና ከመጨረሻዎቹ ደረጃዎች በፊት ባሉት ሻይ ቤቶች አረፍ ስትሉ ቀይሩት። ሌላውን ምክሬን ብትረሱ ይቺን አትርሱ። ኮፍያ፣ ጓንት፣ የአንገት ልብስም ያዙ። ላይኛዎቹ ሻይ ቤቶች ብርድ ልብስ ያከራያሉ፣ ግን እሱን ተማምናችሁ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ።

ባሕር ውስጥ የምትጠልቁ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋችኋል። የታመቀ አየር የያዘ ጋን ተሸክማችሁ ጠልቃችሁ ከሆነ ወደ ተራራው ከመነሳታችሁ በፊት ቢያንስ 24 ሰዓት ይለፍ። ጥልቅ ውኃ ውስጥ ሰውነት የሰበሰበው ናይትሮጅን ወደ ከፍታ ስትወጡ አረፋ ሆኖ ይጎዳል። ከተራራው ሥር ያለው የቅድስት ካትሪን ገዳም ራሱ 1,500 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነ ጉዳዩ ገና መኪናው ውስጥ ይጀምራል። ፕሮግራማችሁን ስትይዙ መጥለቁን ከተራራው በኋላ አድርጉት።

ፓስፖርት በእጃችሁ ይሁን፣ መንገድ ላይ ኬላዎች አሉ። የግብፅ ፓውንድ ዘርዝራችሁ ያዙ፤ ለሻይ፣ ለመጸዳጃ ቤት፣ ለመሪያችሁ ጉርሻ። ሰዓት ላይም ተጠንቀቁ፣ መሪው "አንድ ሰዓት ላይ እንነሳለን" ካለ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 7 ሰዓት ማለቱ ነው።

መሪ ግዴታ ነው። የሚመሯችሁ ጀበሊያ የሚባለው የበደዊን (የበረሃ ዐረብ) ጎሳ ሰዎች ናቸው፣ አባቶቻቸው በ6ኛው ክፍለ ዘመን በንጉሥ ዮስጢንያኖስ ዘመን ገዳሙን እንዲያገለግሉ የመጡ ናቸው ይባላል። መንገዱን በጨለማ ያውቁታል። ቀድማችሁ አትሩጡ፣ ወደኋላም አትቅሩ፤ ከደከማችሁ በጊዜ ንገሩት።

ሁለት መንገድ አለ። የግመሉ መንገድ ረጅምና ዘና ያለ ነው፣ ሌሊት የሚወጣው በዚህ ነው፣ ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ይፈጃል። ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ ያዙ፣ እጃችሁ ነፃ ይሆናል። ግመል ከኋላ ሲመጣ ድምፁ ብዙም አይሰማም፣ ድንገት ትልቅ ጥላ አጠገባችሁ ይደርሳል። ያኔ ወደ ተራራው ግድግዳ ተጠጉ እንጂ ወደ ገደሉ ጠርዝ አትሽሹ! ጉልበት የሚያማችሁ ግመል መከራየት ትችላላችሁ፣ ግን ግመሉም ከ750ዎቹ የመጨረሻ ደረጃዎች በታች ይቆማል። ከዚያ በኋላ ሁሉም በእግሩ ነው። ደረጃዎቹ ያልተስተካከሉ ድንጋዮች ናቸው፣ አንዱ ዝቅ ሌላው ከፍ ይላል፣ እና ሰው ሁሉ እዚህ ላይ ነው ትንፋሽ የሚያጥረው። ሃያ ደረጃ ወጥቶ ማረፍ ነውር የለውም።

ሁለተኛው መነኮሳት የጠረቡት የንስሐ ደረጃ ነው፣ የላይኞቹን 750 ጨምሮ 3,750 እንደሆነ ይነገራል። በጨለማ አልመክረውም። ሲነጋ ግን መሪያችሁ ከፈቀደና ጉልበታችሁ ደህና ከሆነ በእሱ ውረዱ፣ በኤልያስ ሸለቆ ያልፋል፣ ቀዩ ድንጋይ በጠዋት ብርሃን ያምራል።

ጫፉ ላይ በ1934 የተሠራች የሥላሴ ቤተ ክርስቲያንና ትንሽ መስጊድ አሉ። ቦታው ጠባብ ነው፣ ሰው ይበዛል። የሚጸልይ፣ የሚዘምር፣ የሚያለቅስ ታገኛላችሁ። ሙዚቃ አትክፈቱ፣ ሰው ፊት ላይ ካሜራ አትደቅኑ። ሙሴ ጽላቱን የተቀበለበት ቦታ ነው ብለው የሚያምኑ ሰዎች ከሩቅ አገር መጥተው ነው እዚያ የቆሙት። ስልካችሁንም እስክትፈልጉት ውስጥ ኪስ አኑሩት፣ በብርድ ባትሪው ቶሎ ያልቃል።

ምግብ አታብዙ፤ ተምር፣ ኦቾሎኒ፣ ሁለት ሊትር ውኃ ይበቃል። ቆሻሻችሁን ይዛችሁ ውረዱ። ከመነሳታችሁ በፊት ከሰዓት በኋላ ሁለት ሦስት ሰዓት ተኙ፣ መኪና ውስጥ እተኛለሁ ማለት አያዋጣም።

ስትወርዱ የቅድስት ካትሪን ገዳም ጠዋት ከ3 ሰዓት አካባቢ ይከፈታል፣ ከእኩለ ቀን በፊት ይዘጋል። ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ያስፈልጋል። ዕፀ ጳጦስ እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። አርብና እሑድ ብዙውን ጊዜ ለጎብኚ ዝግ ስለሆነ፣ በበዓላትም እንዲሁ፣ ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት መሪያችሁን ጠይቁ።